ጉንፋንና አሞክሳሲሊን ምን አገናኛቸው?

ዛሬ ስለ ባክቴሪያ ልጽፍ ነው። ገጹን ለመዝጋት እጃችሁን የሰነዘራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ትንሽ ታገሱኝ። እኔም የተመረቅሁት በጋዜጠኝነት እንጂ በባዮሎጂ አይደለም። ነገር ግን የጤና ዜና በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ዜና አንባቢው «በሽታ አምጪ ተህዋስያን» ይላል፤ «ጀርም» ይላል፤ «ኢንፌክሽን» ይላል። ሰዎቹን ያሳመማቸው ነገር ባክቴሪያ ይሁን ቫይረስ፣ ፈንገስ ይሁን ጥገኛ ትል ሳይነግረን ወደ ስፖርት ያልፋል። እኛም «ጀርም ነው አሉ» እንልና ፋርማሲ ሄደን ያቺን ባለ ሁለት ቀለም ካፕሱል እንገዛለን።

እኔ የምለው አጭር ነው። ባክቴሪያና ቫይረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማወቅ ለፈተና የሚሸመደድ የባዮሎጂ ትርጓሜ ብቻ አይደለም። ካፕሱሏ የት እንደምትሠራ፣ የት ደግሞ ገንዘብ ማቃጠል ብቻ እንደሆነች የሚወስነው ይኸው ልዩነት ነው። ስለዚህ ማንኛውም መድኃኒት የሚውጥ ሰው ሊያውቀው ይገባል። ከሁሉም በፊት ደግሞ ለሌላው ሰው የሚጽፈው፣ ማለትም የኔ ቢጤው።

እስቲ ወደ 9ኛ ክፍል እንመለስ። «ሚቶኮንድሪያ የሴል የኃይል ማመንጫ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ያልሸመደደ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። (የኛ ክፍል ቀልደኞች «መብራት የማይጠፋበት ብቸኛው ማመንጫ» ይሉት ነበር።) ሴሉን በእርሳስ ሣልን፣ ቀለም ቀባን፣ በቀስት እያመለከትን ስም ጻፍን፣ ፈተናው አለቀ። ሴሉም አብሮ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያንን ሥዕል ቤታችን ካለው የመድኃኒት ብልቃጥ ጋር በአማርኛ ያገናኘልን ሰው አልነበረም። ትምህርቱ መጥፎ ስለነበር አይደለም። ትምህርቱ በአንድ ቋንቋ፣ ሕመሙ በሌላ ቋንቋ ስለሆነብን ነው። ማንም ሰው ትኩሳት ሲይዘው በእንግሊዝኛ አያቃስትም።

እንግዲህ ከሴል እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1665 ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ ስስ የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲያይ የማር እንጀራ የመሰሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተደርድረው አገኘ። «ሴል» አላቸው፤ ትንሽ ክፍል ማለት ነው። ያያቸው ባዶ ክፍሎች ነበሩ፤ ተከራዮቹ ከሞቱ ቆይተዋል። ከዚያ ዓሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ ዴልፍት በምትባል የሆላንድ ከተማ አንቶኒ ቫን ሊውንሁክ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ በገዛ እጁ መስታወት እየሞረደ የኩሬ ውኃና የቅመም ዘፍዛፊ ማየት ጀመረ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1676 ለንደን ላለው የሳይንስ ማኅበር በላከው ደብዳቤ በውኃ ጠብታ ውስጥ ስለሚርመሰመሱ ትንንሽ እንስሳት አወራ። በኋላም ከጥርሱ ላይ ፍቆ ያወጣውን ነገር አይቶ እዚያም ሲንቀሳቀሱ አገኛቸው። ባክቴሪያን በዓይኑ ያየ የመጀመሪያው ሰው እንግዲህ ጨርቅ ሻጭ ነበር። ይህን ታሪክ የምወደው ለምን እንደሆነ ሳይገባችሁ አይቀርም፤ ባዮሎጂ ያልተማረ ሰው ስለ ባክቴሪያ እንዳያወራ የሚከለክል ሕግ የለም።

ባክቴሪያ ማለት በአንዲት ሴል ውስጥ ያለ ሙሉ ኑሮ ነው። ውስጡን ከውጪው የሚለይ ስስ ሽፋን አለው። በዚያ ላይ ደግሞ ጠንካራ ግድግዳ አለው (ይህቺን ግድግዳ ያዙልኝ፣ ኋላ እፈልጋታለሁ)። ምን ምን መሥራት እንዳለበት የሚነግረው የዘር መመሪያ አለው። መመሪያውን አንብቦ ፕሮቲን የሚሠራ ራይቦዞም የሚባል ማሽን አለው። ይበላል፣ ኃይል ያመነጫል፣ ለሁለት ይከፈላል። የኛ ሴል ያላት፣ እሱ የሌለው ዋናው ነገር ኒውክለስ ነው፤ መመሪያውን በተለየ ጓዳ አይቆልፍም፣ ሳሎን ላይ ነው የሚዘረጋው።

ለሁለት መከፈሉ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ ኮላይ ምግብና ሙቀት ከተመቸው በየ20 ደቂቃው ይከፈላል። ማታ 4 ሰዓት ላይ አንድ ብቻውን የነበረ ባክቴሪያ በዚህ ፍጥነት ከቀጠለ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከ16 ሚሊዮን በላይ ዘመድ ይኖረዋል። ለማመን ያቃተው ሰው ካልኩሌተር ያውጣና አንድን 24 ጊዜ በ2 ያባዛ። እናቶቻችን ይህን ያለ ካልኩሌተር ያውቁታል። እርሾ ማለት ምን ሆነና? ካለፈው ሊጥ ቀርታ አዲሱን ሊጥ የምታስነሳው ያቺ ፈሳሽ በባክቴሪያና በእርሾ ፈንገስ የተሞላች ናት። ክረምት ሲሆን ሊጡ ለምን እንደሚዘገይ፣ ሙቀት ሲበዛ ለምን ቶሎ እንደሚኮመጥጥ የሚያውቁ ሴቶች ስለ ረቂቅ ነፍሳት አያውቁም የሚለኝ ሰው ካለ እጣላዋለሁ። ያላገኙት ስሙን ብቻ ነው። እርጎውም፣ ጠላውም፣ ጠጁም የእነዚሁ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ የታወቀ ስሌት በአንድ ሰው አካል ውስጥና ላይ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ እንዳለ ገምቷል፤ የራሳችን ሴሎች ደግሞ ወደ 30 ትሪሊዮን። በቆጠራው እኛ ተከራዮች ልንሆን ምንም አልቀረን! «ጀርም ሁሉ ይጥፋ» የሚል ማስታወቂያ ስሰማ የምስቀው ለዚህ ነው።

ቫይረስ ሌላ ነገር ነው። ሴል አይደለም። ግማሽ ሴል፣ ሩብ ሴል አይደለም፤ በጭራሽ ሴል አይደለም። በፕሮቲን የተጠቀለለ የዘር መመሪያ ነው፤ አንዳንዱ ከላይ የስብ ካፖርት ይደርባል። ራይቦዞም የለውም። ኃይል አያመነጭም። አይበላም። ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት ለሁለት አይከፈልም። ስለ ወጥ አሠራር የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት በሉት፤ ምጣድ የላትም፣ ምድጃ የላትም፣ ሽንኩርት የላትም። ነገር ግን ወረቀቷ ሹልክ ብላ የሰው ወጥ ቤት ከገባች የቤቱ ሠራተኞች አንብበው የታዘዘውን ይሠራሉ። የታዘዘው ደግሞ ሌላ ወጥ አይደለም፤ ያቺኑ ወረቀት ማባዛት ነው። ወጥ ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ ያባዟታል፣ ከዚያ ቅጂዎቹ ወደ ጎረቤት ይበተናሉ። የኛ ሴል በቫይረስ ተያዘች ሲባል የሆነው ይኸው ነው።

መጠናቸውም ቢሆን አይገናኝም። ቀይ የደም ሴልን አንድ ሙሉ እንጀራ እስክታክል አሰፋናት እንበል። በዚያው ልክ ሲሰፋ ኢ ኮላይ ስንዝር የማይሞላ ነገር ይሆናል። የኮሮና ቫይረስ ደግሞ ሽምብራ ያክላል። ሰዎች ቫይረስ መኖሩን ያወቁትም በትንሽነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂን ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጥለያ አጠለለው። የተጣራው ጭማቂ አሁንም ጤነኛውን ቅጠል አሳመመ። የሚያሳምመው ነገር ከባክቴሪያ ያነሰ መሆን አለበት ማለት ነው። በዓይን ለማየት ግን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እስኪሠራ መጠበቅ ነበረበት፤ ያ የትምባሆ ቫይረስ የታየው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው።

አሁን ያቺን ግድግዳ አምጡልኝ።

እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ባክቴሪያ ባበቀለበት ሳህን ላይ ሻጋታ በቅሎ አገኘ። በሻጋታው ዙሪያ ያሉት ባክቴሪያዎች ሟምተዋል። ከሻጋታው የወጣው ነገር ፔኒሲሊን ተባለ፤ አምፒሲሊንና አሞክሳሲሊን የዚያው ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሥራቸው አንድ ነው፦ ባክቴሪያው ግድግዳውን እንዳይሠራ ማወክ። ባክቴሪያ ውስጡ በጣም የተወጠረ ነው፤ እንደተነፋ ኳስ። ሲያድግና ሲከፈል ግድግዳውን እያፈረሰ መልሶ መገንባት አለበት። ግንበኛውን ስታስሩበት ግድግዳው ይሳሳል፣ ውኃ ይገባል፣ ይፈነዳል። የኛ ሴል እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌላት መድኃኒቱ እሷን አያገኛትም። ካፕሱሏን ውጠን እኛ የማንፈነዳው በዚህ ምክንያት ነው። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ሌሎቹ፣ እነ ቴትራሳይክሊንና አዚትሮማይሲን፣ የባክቴሪያውን ራይቦዞም ነው የሚይዙት፤ የሱ ራይቦዞምና የኛ ቅርጻቸው ስለሚለያይ።

ቫይረስስ? ግድግዳ የለውም። የራሱ ራይቦዞም የለውም፤ የሚጠቀመው በኛው ነው። ታዲያ አሞክሳሲሊኑ ምኑን ይያዝለት? ግድግዳ የሌለውን ቤት ግድግዳውን አፍርስ ተብሎ የተላከ ሠራተኛ ምን ያደርጋል? መንገድ ላይ ያገኛቸውን ሌሎች ቤቶች ያፈርሳል። አንጀታችን ውስጥ ያሉትን ሰላማዊ ባክቴሪያዎች ማለቴ ነው። ካፕሱል በወሰዱ ማግሥት የሚመጣው ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ጉንፋን ቫይረስ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ነው። ኮሮናም፣ ኩፍኝም፣ የልጆች የሮታ ተቅማጥም ቫይረስ ናቸው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ ከፊቴ የነበሩ ሰውዬ «እህቴ፣ ጉንፋን አላስቀምጥ ብሎኛል፤ እስቲ አሞክሳሲሊን 6 ፍሬ ስጪኝ» አሉ። ባለሙያዋ «ጋሼ፣ የሐኪም ትዕዛዝ ይዘዋል?» አለች። «ኧረ እኔ ሰውነቴን አውቀዋለሁ፤ ሁሌ የሚያሽረኝ እሱ ነው።» እሷ እንቢ አለች፣ ሳሳቅቃቸው ብላም ትንሽ ልታስረዳ ሞከረች። እሳቸው ግን ተቀይመው ወጡ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሱቅ እንዳለ እሷም እኔም እናውቃለን። እንግዲህ ሰውዬውን አልፈርድባቸውም፤ አልዋሹም። ጉንፋን ሲይዛቸው ካፕሱሏን ይውጣሉ፣ በሳምንቱ ይሻላቸዋል። ጉንፋን ምንም ባይውጡም በሳምንት፣ በዓሥር ቀን የሚለቅ በሽታ መሆኑን የነገራቸው የለም። ምስጋናውን የወሰደው አሞክሳሲሊን ነው፤ ሥራውን የሠራው የራሳቸው የመከላከያ ሴል።

«ሁሌ የሚያሽረኝ» የምትለዋ አባባል አንድ ቀን «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» በምትል ትተካለች። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከታክሲ ውስጥ እስከ ለቅሶ ቤት ሰምቻታለሁ። ስህተቷ ቀላል አይደለም። መድኃኒቱን የሚለምደው ባክቴሪያው ነው እንጂ ሰውነታችን አይደለም! ልዩነቱ ምን ይፈይዳል ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ይፈይዳል። ሰውነቴ ነው የለመደው ካልኩ ጉዳዩ የኔ የግሌ ነው፤ መድኃኒት እቀይራለሁ፣ አለቀ። ባክቴሪያው ከሆነ የለመደው ግን ባክቴሪያው እኔ ጋ አይቀመጥም፤ በሳሌ፣ በእጄ፣ በሽንት ቤቴ አድርጎ ወደ ልጄም ወደ ጎረቤቴም ይሄዳል። እሱን የያዘ ሕፃን በሕይወቱ አንዲት ካፕሱል ሳይውጥ መድኃኒት የማይበግረው በሽታ ይዟል ማለት ነው። በዚያ ላይ ባክቴሪያዎች ይህን ብልሃት እርስ በርሳቸው ይቀባበሉታል፤ ፕላዝሚድ በምትባል ትንሽ የዘር ቀለበት አድርገው፣ ዘመድ ላልሆነ ዝርያ ሳይቀር።

እንዴት ይለምዳል? ከ16 ሚሊዮኖቹ መሃል ሲከፈል የቅጂ ስህተት የገጠመው፣ በዚያ ስህተት ምክንያት መድኃኒቱ እምብዛም የማይጎዳው አንድ ሁለት አይጠፋም። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል ሜዳው ለሱ ይለቀቅለታል። 6 ፍሬ ገዝቶ በሁለተኛው ቀን ሲሻለው የቀረውን ለሚቀጥለው ጉንፋን መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ይህንን ምርጫ በገዛ እጁ ያካሂዳል። ፍሌሚንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 ኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል በንግግሩ ላይ ስለዚህ ነገር አስጠንቅቆ ነበር፤ ሰዎች ከሚያስፈልገው ያነሰ እየወሰዱ ባክቴሪያውን እንዳያለማምዱት። ያኔ ፔኒሲሊን ገና ጨቅላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል።

ቲቢን ተመልከቱ። የቲቢ ባክቴሪያ ግድግዳው ሰም የመሰለ ስብ የበዛበት ነው፤ ብዙ መድኃኒት አያስገባም። ለሁለት ለመከፈልም አንድ ቀን ሊሞላ ምንም የማይቀረው ጊዜ ይወስድበታል። ሕክምናው ወራት የሚፈጀው ሐኪሞች ሊያጉላሉን ፈልገው አይደለም፤ በግድግዳውና በዝግታው ምክንያት ነው። ይህን የሚያውቅ ሕመምተኛ «ሳሉ ተወኝ» ብሎ በሁለተኛው ወር የሚያቋርጥ አይመስለኝም። «መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ!» ተብሎ የተጮኸበት ብቻ ግን ያቋርጣል። ሰው ምክንያቱ ሲነገረው ነው የሚታገሰው።

ደግሞ እንችላለን። ኤችአይቪ ቫይረስ መሆኑን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አሳዩኝ። «ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለ» የሚለው አነጋገር ሬዲዮ ባወራው፣ ድራማ በሠራው፣ የትምህርት ቤት ክበብ በደገመው ልክ ቋንቋችን ውስጥ ገባ። ለኤችአይቪ አሞክሳሲሊን ልግዛ የሚል ሰው የለም፤ የራሱ መድኃኒት እንዳለው አያት ሁሉ ታውቃለች። መገናኛ ብዙኃን ሲያስረዱ ሕዝቡ ይረዳል ማለት ነው። ታዲያ ለጉንፋን ሲሆን ምን ነካን?

በዚህ ግን የተምታታነው እኛ ብቻ አይደለንም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባን የመታት የኅዳር በሽታ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነው የተረፉት። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥልበት «ኅዳር ሲታጠን» የዚያ ትዝታ ነው። ሰዉ መጥፎ አየር መስሎት አጠነ፤ ይህን ሰምተው የሚስቁ አሉ። የዚያን ጊዜ የአውሮፓ ሊቃውንትስ ምን ይሉ ነበር? ብዙዎቹ ኢንፍሉዌንዛን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው ብለው ከታማሚዎች አፍንጫ ያገኙትን አንዱን ባክቴሪያ ሲከሱ ነበር። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። የተከሰሰው ባክቴሪያ ግን ስሙ እስከ ዛሬ አልተስተካከለም፤ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ይባላል። ጉንፋን አያመጣም፤ አንዱ ዓይነቱ ሕፃናትን በማጅራት ገትርና በሳንባ ምች ይገድላል። ልጆቻችን ጤና ጣቢያ የሚወጉት ባለ አምስቱ ክትባት አንዱ ክፍል ለሱ ነው። በጭሱ ከመሳቃችን በፊት ይህን ማስታወስ አይከፋም። የዓለም መድኃኒት መላመድ ግንዛቤ ሳምንትም በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 18 እስከ 24 ስለሚውል ኅዳር 12 እዚያው ውስጥ ይወድቃል። አንድም ፕሮግራም ሁለቱን አገናኝቶ ሲሠራ አልሰማሁም፤ ለማንኛውም ሐሳቡን በነፃ ሰጥቻለሁ።

ስለ ስም ካነሳን… «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ ከክሊኒክ ያልተመለሰ ዘመድ ያለው ማነው? ሁለቱ መንትዮች መስለውን አብረን እንጠራቸዋለን። ሁለቱም ባክቴሪያ ናቸው፣ ሌላ የሚያመሳስላቸው ብዙም የለም። ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውኃ ገብቶ አንጀት ላይ የሚሠራ የሳልሞኔላ ዝርያ ነው። ታይፈስ በልብስ ቅማል የሚተላለፍ ሪኬትሲያ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ እሱም ሴል ሆኖ ሳለ እንደ ቫይረስ በሰው ሴል ውስጥ ካልገባ መራባት የማይችል ጉደኛ። ቅማል አስተላላፊው መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1909 ቱኒስ ውስጥ ያረጋገጠው ሻርል ኒኮል ኖቤል ተሸልሞበታል። አንዱን ውኃ በማፍላት፣ ሌላውን ልብስ በመቀቀል ነው የሚከላከሉት። በየክሊኒኩ የሚሠራው ፈጣን የደም ምርመራ ደግሞ ባክቴሪያውን አያይም፤ ሰውነታችን ያመረተውን መከላከያ ነው የሚያየው። ያ መከላከያ ካለፈ በሽታ ወይም ከሌላ ተመሳሳይ ባክቴሪያ የቀረ ሊሆን ይችላል። እናም ዋናው ሕመሙ ቫይረስ የሆነ ሰው ሁለት የባክቴሪያ በሽታ ተብሎ የካፕሱል ከረጢት ታቅፎ ሊመለስ ይችላል። ወባ የባሰ ነው፤ ባክቴሪያም ቫይረስም ያልሆነ፣ እንደኛ ሴል ኒውክለስ ያለው ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ነውና የሁለቱም መድኃኒት ዋና ሕክምናው አይደለም።

«ድሃ አገር ላይ ቁጭ ብለሽ ምን ታወሪያለሽ? ሐኪም ዘንድ መሄጃው ከካፕሱሉ ይወደዳል» የሚለኝ አለ። ልክ ነው። አንቲባዮቲክ አጥቶ በሳንባ ምች የሚሞት ሕፃን አሁንም አለ፤ ከጉንፋን በኋላ ባክቴሪያ ተደርቦ መድኃኒት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ትንፋሹ ያጠረውን ልጅ «ቫይረስ ነው፣ ይለቀዋል» ብላችሁ ቤት አታስቀምጡ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እኔ አትውጡ አላልኩም። ድሃ ሰው ግን ለማይሠራ ካፕሱል የሚያወጣው ብር ከሀብታሙ ብር የበለጠ ያሳዝናል፤ ባክቴሪያው የተላመደ ዕለትም የሚቀጥለውን ውድ መድኃኒት መግዛት የማይችለው እሱ ነው።

የኛ የጸሐፊዎቹ ነገር ደግሞ ከቃል ይጀምራል። ኮሮና በ2012 ዓ.ም. ሲገባ አንዱ ጣቢያ «ቫይረስ» አለ፣ ሌላው «ተህዋሲ» አለ። በሌላ ቀን ዜና ደግሞ ያው «ተህዋስያን» ባክቴሪያውንም ቫይረሱንም ትሉንም ጠቅልሎ ይይዛል። መጽሐፍ ላይ ሴል «ሕዋስ» ነው። እንግዲህ ሴል የሌለውን ነገር «ሕዋስ» በሚሰማበት ቃል ስንጠራው አድማጩ ምን ያስብ? ለአማርኛ እቆረቆራለሁ፤ ግን ሁለት ነገር በአንድ ቃል ከሚጠራ ይልቅ «ቫይረስ» እና «ባክቴሪያ» የሚሉትን እንደ «ራዲዮ» እና «ባንክ» ብንቀበላቸው ይሻለኛል። የቋንቋ ሊቃውንቱ ሁለት የተለያዩ ቃላት ባወጡልን ቀን በደስታ እቀይራለሁ።

እስከዚያው የጤና ዜና የምትሠሩ ጓደኞቼ፣ «ጀርም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ለባለሙያው አንድ ስልክ ደውሉና «ሴል ነው ወይስ አይደለም?» በሉት። ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። ቫይረስ ነው ካላችሁ ቀጥላችሁ ክትባት ወይም የራሱ መድኃኒት እንዳለው ጠይቁ፤ ባክቴሪያ ነው ካላችሁ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበትና የትኛው እንደተሸነፈ። «ፈንገስ ነው» ካላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፈንገስ ግድግዳ አለው፤ ግን የተሠራው ከሌላ ነገር ስለሆነ ፔኒሲሊን አይነካውም። ጭርትና ቋቁቻ ላይ ካፕሱል ከፍታችሁ የምትነሰንሱ ሰዎች፣ እናንተን ሌላ ቀን አገኛችኋለሁ።